የድመቷ አሸዋ ተሽሮ ሰጋቱራ የነገሠበት ዘመን

የቆሙትን የሚያስኬዱ፣ የዘገዩትን የሚያስተካክሉ፣ ከሰናፍጭ ቅንጣት የሚያንሱ ብሎኖችን በመቆንጠጫ የሚገዙ፣ ሌንሳቸውን ከግንባራቸው የማያወርዱ ታላቁ ሰዓት ሠሪ፣ በሦስተኛው ፎቅ በተቀመጡ በዐሥራ ሦስተኛው ዓመት፣ ማቀዝቀዣው ዳግመኛ በተጠገነ በሁለተኛው ዓመት፣ የሳሎኑ መጋረጃ በተለወጠ በሰባተኛው ወር፣ በዘመነ አሸዋ ፍጻሜ፣ ይህ አሁን የምጽፈው ነገር ሆነ።

እኔ የዚህ ዜና መዋዕል ጸሐፊ የሰዓት ሠሪው አማት ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ፋይል ሳገላብጥ ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ በልጄ ቤት በመንገዱ በኩል ያለችው ክፍል ተሰጥታኝ የምኖር ሰው ነኝ። ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን አልጽፍም፤ የሰማሁትን ብጽፍም ከበር ኋላ ቆሜ በገዛ ጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ ነው።

በዚያ ቤት ከሰዓት ሠሪው በታች፣ እውነቱን ለመናገር ግን ከበላያቸው፣ ባለቤታቸው ልጄ ነበረች፤ የሒሳብ መምህርት፣ ባለ ቀይ እስክሪብቶ፣ አርባ ሁለት ተማሪ ባንድ ዕይታ ጸጥ የምታሰኝ። ከእርሷ ቀጥሎ የዘጠኝ ዓመቷ ልጃቸው፣ የላይ ጥርሷ ገና ያልበቀለ፣ የእኔ የዐይን ማረፊያ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ማለትም በማቀዝቀዣው አናት ላይ፣ እቴጌ ዳንቴል ትቀመጥ ነበር፤ ጠጕሯ ዐመድማ፣ አራቱ እግሮቿ ግን ዳንቴል ያጠለቁ የሚመስሉ ነጫጭ፣ ከልጅቷ ሦስት ዓመት ቀድማ ወደዚህ ቤት የገባች፣ ስለዚህም ልጅቷን እንደ ታናሽ እህቷ የምትቆጥር ድመት።

በዘመነ አሸዋ እቴጌይቱ የምትጸዳዳው በመታጠቢያ ክፍሉ ጥግ በተቀመጠ ሰማያዊ ሳፋ ውስጥ፣ ከሸክላ አፈር በተሠራና ሎሚ ሎሚ እንዲሸት ሽቶ በተነሰነሰበት አሸዋ ላይ ነበር። ይህ አሸዋ ከከረጢቱ ሲገለበጥ ጢስ የመሰለ አቧራ ያስነሣል፤ እቴጌይቱ ስትጭረው ዳግመኛ ያስነሣል፤ አቧራውም በመስተዋቱ ላይ፣ በጥርስ ብሩሾቹ ላይ፣ በእኔ የንባብ መነጽር ላይ ያርፋል። ይህን ሁሉ ቻልነው። በልጅቷ ደረት ላይ ማረፉን ግን መቻል አልተቻለም።

ሳሏ በመጀመሪያ የብርድ ነው ተባለ፤ ብርዱ አለፈ፣ ሳሉ ግን አላለፈም። በዕለተ ረቡዕ ወደ ደረት ሐኪሟ ተወሰደች፤ ሐኪሟም ጀርባዋን አዳምጣ ይህን አዋጅ ነገረች፦ «ደረቷ ያፏጫል። ቤት ውስጥ አቧራ አለ፣ ድመት አለ ብላችሁኛል፤ ከሁለቱ አንዱ ነው። ከአቧራው ጀምሩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አምጡልኝ፤ ካልተሻላት ለድመቷ ሌላ ቤት ፈልጉላት።»

ባለቤታቸውም ወደ ቤት እንደተመለሰች፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣ በምግብ ጠረጴዛው ራስ ቆማ ሁለተኛውን አዋጅ አወጀች፦ «ሁላችሁም ስሙኝ። ክፉ ሰው አድርጋችሁ እንዳታዩኝ፤ እኔም እወዳታለሁ። ግን ልጄ መተንፈስ አለባት። ሦስት ሳምንት። ካልሆነ ዳንቴል ወንድሜ ጋ ሄዳ ቀለም መጋዘኑ ውስጥ ትኖራለች። ጨረስኩ።»

ያን መጋዘን አውቀዋለሁ። ባለቤቱ የገዛ ልጄ ቢሆንም እውነቱን እጽፋለሁ፤ መስኮት የለውም፣ ሽታውም ዐይን ያስለቅሳል። ልጅቷ አዋጁን ሰምታ ሳህኗን አንሥታ ወደ ማድ ቤት ሄደች።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ በቤቱ ውስጥ ሳል አልተሰማም። እኛም ጅሎች ደስ አለን፤ ነገሩ ራሱን በራሱ ፈታ ብለን ሰዓት ሠሪው ወደ ሰዓታቸው፣ እኔም ወደ ጋዜጣዬ ተመለስን።

በአራተኛው ቀን፣ በዕለተ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ የአንዲት የእጅ ሰዓት ምት ከሌላዋ በግድግዳ ማዶ የሚለዩት ሰዓት ሠሪ ከሥራ ጠረጴዛቸው ቀና አሉ። ከመኝታ ቤት የታፈነ ድምፅ ሰምተው ነበር። በመጀመሪያ በቁም ሣጥኑ ውስጥ የረሱት አሮጌ ሰዓት መስሏቸው ሄደው ከፈቱት። በውስጡም ልጃቸው በኮቶቹ መካከል ተቀምጣ፣ የእርሳቸውን የአንገት ልብስ በአፏ ላይ ጠምጥማ፣ ፊቷ ቀልቶ፣ እቴጌይቱን ታቅፋ ነበር። ልጅቷም ትንፋሿ ሲመለስላት እንዲህ ስትል ሰማሁ፦ «አባዬ፣ ለእማዬ እንዳትነግራት። ሲያስለኝ እዚህ ነው የምገባው። ካልሰማችኝ ዳንቴልን አትሰጣትም።»

ሰዓት ሠሪው ጫማዎቹን ወደ ጎን ገፋ አድርገው በቁም ሣጥኑ ወለል ላይ ከአጠገቧ ተቀመጡ፤ ለብዙ ጊዜም ጀርባዋን ሲያሹ ቆዩ። ሲወጡ ዐይናቸው ቀልቶ ነበር። ለእኔ ሌንሱ ነው አሉኝ፤ የቀሉት ግን ሁለቱም ዐይኖች ናቸው፣ ሌንሱ አንድ ነው። በይእቲ ሰዓት ሄደው ለባለቤታቸው ሁሉን ነገሯት፤ ተመልሰውም ለልጅቷ ይህን አዋጅ አወጁላት፦ «ነግሬያታለሁ። ሳል አይደበቅም፣ ሁለተኛ እንዳትደብቂ። አሸዋውን ግን እኔ አባርረዋለሁ።» የዘመነ ሰጋቱራ መነሻ ይህ ነው።

ከዚህም በኋላ ወደ እንስሳት ዕቃ መሸጫው ዘመቻ ሆነ። ከፊት ሰዓት ሠሪው፣ የሥራ ሽርጣቸውን እንደ ታጠቁ፤ በቀኛቸው ልጅቷ፣ ባለ ሁለት መያዣ የጨርቅ ቦርሳ ተሸክማ፤ በኋላቸው እኔ፣ ደመና ባይኖርም ዣንጥላ ይዤ፤ ከእኔም በኋላ ማንም አልነበረም። በዚህ ሠራዊት ሁለት መንገድ ተሻግረን፣ በዳቦ ቤቱ በኩል ታጥፈን ደረስን።

ሻጯ ረጋ ያለች ሴት ናት። ከመደርደሪያው ሥር አንድ ከረጢት አወጣች፤ በውስጡም ከጥድ ሰጋቱራ ተጨምቆ እንደ ክኒን የተድበለበለ ነገር ነበር፤ እንበለ ሽቶ፣ እንበለ አቧራ፣ ውሃ ሲነካው ፈርሶ ተመልሶ ሰጋቱራ የሚሆን። ሰዓት ሠሪው አንዷን ፍሬ በሌንሳቸው መረመሩ፤ ልጅቷ አሸተተችና የእርሳስ መቅረጫ ይሸታል አለች፤ እኔም ቦርሳውን ያዝኩ። ሻጯም እንዲህ ብላ አወጀች፦ «ይሄ ጥሩ ነው። ግን ባንዴ እንዳትቀይሩባት። መጀመሪያ ከድሮው ጋ ትንሽ ቀላቅሉላት፣ ከዚያ ጨመር ጨመር እያደረጋችሁ። በእግሯ የለመደችውን ነው የምትፈልገው፤ ካላገኘችው ታኮርፋለች።»

ወዮ፣ የሰዓትን ምት በግድግዳ ማዶ የሚሰማ ጆሮ ይህን አልሰማም። ቁም ሣጥኑን ያየ አባት ቸኩሎ ነበርና። በዕለተ ሰኞ ጧት ሰዓት ሠሪው አሸዋውን ፈጽመው ሻሩት፤ ሳፋውን በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠቡ፤ ሰጋቱራውንም እስከ ግማሹ ሞልተው፣ እጃቸውን በወገባቸው አድርገው በበሩ ቆሙ።

እቴጌ ዳንቴል መጣች። አሸተተች። የቀኝ እግሯን አስገባች፤ ፍሬዎቹ ከሥሯ ተንከባለሉ። እግሯን አወጣች፣ ሦስት ጊዜ አራገፈች፣ ማመልከቻው ያልተሟላ ባለጉዳይ እንደሚያይ የቢሮ ኃላፊ ሰዓት ሠሪውን ቀና ብላ አየቻቸው፣ ጭራዋንም አቁማ ወጣች።

በዚያች ዕለትና በማግስቱ የወረረቻቸው አገሮች እነዚህ ናቸው፦ አስቀድማ የተተኮሱ አንሶላዎች የነበሩበትን ቅርጫት ያዘች፤ ቀጥላ በመስኮቱ ሥር ያለውን የአበባ ማሰሮ አስገበረች፤ በመጨረሻም ጡረታ ስወጣ የመዝገብ ቤት ባልደረቦቼ ያበረከቱልኝን ግራጫ ባርኔጣ። ስለ ባርኔጣው ብዙ አልጽፍም። ታሪክ ጸሐፊ በራሱ ጉዳይ ሚዛኑን ሊስት ይችላልና።

ረቡዕ ግን ከዚህ ሁሉ የከፋ ነገር መጣ፤ እርሱም ምንም አለመምጣቱ ነው። እቴጌይቱ ከጧት ጀምሮ የትም አልተጸዳዳችም። አልጋ ሥር ገብታ ተኛች፣ ምግቧንም አልነካችም። ልጅቷ ከትምህርት ቤት እንደመጣች ከሳፋው አጠገብ ተንበርክካ፣ እንዲህ ነው የሚጫረው እያለች በጣቶቿ ጭራ አሳየቻት። ድመቷ አላየችም። ልጅቷም ሳትሰስት አለቀሰች፤ ልቅሶው ሳሉን ቀሰቀሰው፤ ሳሉም በቤቱ ሁሉ ተሰማ።

በዚህ ጊዜ ሻጯ ያለችውን ለልጄ የነገርኳት እኔ ነኝ። አሳባቂ ሊሉኝ ይችላሉ፤ እኔ ግን መዝገብ ማሟላት እለዋለሁ። እርሷም በኮሪደሩ ቆማ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «እስከ አንድ ሰዓት ካልሸናች ወደ እንስሳት ሐኪም ይዘናት እንሄዳለን። አንተ ደግሞ ኩራትህን ዋጥ አድርግና ሴትዮዋ ያለችህን አድርግ።»

ታላቁ ሰዓት ሠሪም በዚያው ኮሪደር፣ በሚስታቸው፣ በልጃቸውና በአማታቸው ፊት፣ ሌንሳቸውን ከግንባራቸው አውርደው ይህን ተናገሩ፦ «ጥፋቱ የኔ ነው። ነግራኝ ነበር። ቸኮልኩ።» ብዙ መዝገብ አገላብጫለሁ፤ ከአለቃ አፍ የወጣ እንዲህ ያለ ቃል ያለበትን ፋይል ግን አላስታውስም።

ነገር ግን አሸዋውን መመለስ አቧራውን መመለስ ነበር። ስለዚህ ሰዓት ሠሪው በከረጢቱ የተረፈውን አሸዋ ተሸክመው ወደ ሕንጻው ጣሪያ ወጡ፤ አፍና አፍንጫቸውን በእርጥብ ፎጣ ሸፍነው፣ የዱቄት ወንፊቱን ይዘው፣ አቧራውን ለነፋስ እየሰጡ አሸዋውን እያስቀሩ ነፉት። እኔ በዣንጥላዬ ነፋሱን እንድመክት ታዝዤ ነበር። ነፋሱ ግን ሳያስታውቅ ዞረ፤ ሁለታችንም የወፍጮ ቤት ሠራተኛ መስለን ወረድን። ልጄ ከበሩ መልሳ ደረጃው ላይ ልብሳችንን አራገፈችልን።

ሳፋውም ከመታጠቢያ ክፍሉ ወጥቶ በማድ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። የልጅቷ ክፍል ከበረንዳው ጎን ስለነበረ፣ ከአቧራው እንድትርቅ ወደ እኔ ክፍል ገባች፤ እኔም ወደ ሶፋው ተሰደድኩ። ከዚያም የተነፋው አሸዋ ወደ ሳፋው ፈሰሰ፤ በላዩም ሰዓት ሠሪው አንዲት የሻይ ማንኪያ ሰጋቱራ ብቻ በተኑ። እቴጌይቱ ከአልጋ ሥር ወጣች፣ አሸተተች፣ ገባች። እኛም በበረንዳው መስታወት በኩል አየን። እጅግ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ሰዓት ሠሪው በሰዓታቸው ለክተው አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ አሉ፤ ልጅቷ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ልጄም ግድግዳውን ተደግፋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

ከዚያች ዕለት ጀምሮ ዘመቻው ሌላ መልክ ያዘ። ሰዓት ሠሪው በበረንዳው ወለል ላይ በሆዳቸው ተኝተው፣ ሌንሳቸውን አድርገው፣ የእቴጌይቱን እግር አረጋገጥ አጠኑ፤ የሚያስቀይማት ሽታው ሳይሆን የፍሬዎቹ መንከባለል መሆኑንም ደረሱበት። ስለዚህ ፍሬዎቹን በሙቀጫ ወቀጧቸው፤ እንዲደቁ ሳይሆን እንዲሰበሩ፣ እየመዘኑ። የሒሳብ መምህርቷም የባሏን ሁኔታ ሁለት ቀን ከተመለከተች በኋላ ቀይ እስክሪብቶዋን አነሣች፤ በማቀዝቀዣው በር ላይ ሠንጠረዥ ለጠፈች፤ አንድ ስምንተኛ፣ አንድ አራተኛ፣ ሦስት ስምንተኛ እያለች እስከ ሙሉ አንድ። ከሥሩም ይህ አዋጅ ተጻፈ፦ «ያለ ሠንጠረዡ ማንኪያ የሚያነሣ የለም። አባባንም ይጨምራል።»

ለምን እኔ ብቻ ተለይቼ እንደተጠቀስኩ ለማስረዳት፣ ላልፈው የምወደውን አንድ ነገር ለመጻፍ እገደዳለሁ። በዚያው ሳምንት አንድ በዕድሜ የገፋ የቤቱ ሰው፣ ስሙን ታሪክ ባይዘው የሚሻል፣ ሊረዳ አስቦ፣ የቆሸሸውን አሸዋ ወደ ሽንት ቤቱ ጨምሮ ውሃ ለቀቀበት። አሸዋው ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ ነበርና ቱቦው እንደ ቡሽ ተደፈነ። የመጣው የቧንቧ ሠራተኛ እጁን እስከ ክንዱ አስገብቶ አንድ የጭቃ ጡብ አወጣና በኮሪደሩ ላይ እያሳየ አወጀ፦ «ይሄን ያደረገ ሰው ማን እንደሆነ አልጠይቅም። ግን ሁለተኛ ቢያደርገው እኔን አትጥሩኝ፣ ግንበኛ ጥሩ።» በቤቱ ያለው ሁሉ ሶፋውን ተመለከተ። ሶፋው ላይ የተቀመጠውም ጋዜጣውን ከፍ አደረገ።

በሠንጠረዡ መሠረት ቀኖች አለፉ። በአንድ አራተኛ እቴጌይቱ ጆሮዋን ብቻ አጠፈች። በግማሽ ጊዜ ሳትጭር ወጣች፤ ተመልሳ ግን ጫረች። በሦስት አራተኛ ላይ እምቢ አለች፤ ሁለት እግሯን በሳፋው ጠርዝ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሰርከስ ሠራተኛ ተንጠልጥላ ጉዳይዋን ፈጸመች፤ ግማሹም ወደ ውጭ ሆነ። የቀድሞው ሰዓት ሠሪ ቢሆኑ ይገፉ ነበር፤ ቀኑ ዐሥራ አምስት ደርሷልና። አሁን ግን ወለሉን በጨርቅ እያበሱ እንዲህ አወጁ፦ «አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ቀኑ ቢያልቅብን እንኳን አንቸኩልባትም።» ልጄ ይህን ስትሰማ አየኋት፤ እስክሪብቶዋን አነሣች፣ ሦስት አራተኛን ሰረዘች፣ ከላዩም አምስት ስምንተኛ ብላ ጻፈች፤ ባሏ የያዙትን ጨርቅም ተቀብላ አጠበችላቸው።

በሃያኛው ቀን፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ ከቀኑ በዐሥር ሰዓት፣ ከአሸዋው አንዲት ቅንጣት ያልቀረበት፣ ሙሉ በሙሉ ሰጋቱራ የሆነ ሳፋ በበረንዳው ላይ ተቀመጠ። ከመስታወቱ ወዲህ የቆሙት እነዚህ ነበሩ፤ ሰዓት ሠሪው፤ የሒሳብ መምህርቷ፣ የተማሪ ደብተር በብብቷ እንደያዘች፤ ልጅቷ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ከጀርባዋ ሳይወርድ፤ እኔም ከወንበር ጋር፣ መቆም ስለማልችል። እቴጌይቱ መጣች፤ አሸተተች፤ የቀኝ እግሯን አስገባች፤ ቆመች። ሰዓት ሠሪው ትንፋሻቸውን ያዙ፤ እኛም ያዝን። ከዚያ ግራዋን አስገባች፤ ዞረች፤ ተቀመጠች፤ ወደ ሰማይም አየች። ተነሥታ ስትጭር የተሰባበረው ጥድ ከእግሯ ሥር ኮሽ ኮሽ አለ፤ አቧራ ግን አልተነሣም፤ አየሩ እንደነበረ ሆነ። እልል ያለ የለም። ልጄ የባሏን እጅ ያዘችና ደብተሮቹ ሁሉ ወደ ታች ረገፉ።

በማግስቱ አራታችን ወደ ሐኪሟ ሄድን፤ እቴጌይቱ ብቻ ቀረች። ሐኪሟ የልጅቷን ጀርባ አዳመጠች፤ ደግማ አዳመጠች፤ ከዚያም አወጀች፦ «ፉጨቱ ጠፍቷል። ምን አደረጋችሁ? እሱኑ ቀጥሉበት። ድመቷ ትቆይ፣ ግን ልጅቷ አልጋ ላይ እንዳትተኛ፤ ትንሽ ጠንከር ያለ ሳል ከሰማችሁ ደግሞ ቀን ሳትቆጥሩ አምጡልኝ።» ሰዓት ሠሪው ከሙቀጫው ጀምረው ሊያስረዱ ነበር፤ ውጭ የሚጠብቅ ሰው ስለነበረ ባለቤታቸው በእጅጌያቸው ይዛ አወጣቻቸው። በመተላለፊያውም ለልጇ ብቻ የተነገረ፣ እኔ ግን የሰማሁት አዋጅ ወጣ፦ «ዳንቴል የትም አትሄድም። አንቺም ሲያምሽ መጀመሪያ ለኔ ነው የምትነግሪኝ፤ እሺ በይኝ።» ልጅቷ እሺ አለቻት።

የሕንጻችን ደረጃ ሃምሳ አራት ነው። በዚያ ወር ልጅቷ በየፎቁ ቆማ ነበር የምትወጣው። በዚያች ዕለት ግን ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ አንድ ወሬ ጀመረች፤ አብሯት የሚማር ልጅ ማስቲሽ ከፍቶ በላዩ ስለመቀመጡ፣ ከወንበሩም ጋር ተጣብቆ ሰሌዳው ድረስ ስለመጠራቱ፤ እየወጣች ተናገረች፣ እየተናገረች ወጣች፤ በአንደኛው ፎቅ አልቆመችም፣ በሁለተኛውም አልቆመችም፤ በራችን ስንደርስ ልጁ ገና ከወንበሩ አልተላቀቀም ነበር። ሰዓት ሠሪው ቁልፉን በቀዳዳው ውስጥ እንዳስገቡ ሳያዞሩት ቆሙ፤ ልጄም አላስቸኮለቻቸውም፤ እኔ እንኳን፣ ጉልበቴን እያመመኝ፣ ወሬው እስኪያልቅ ተደግፌ ጠበቅሁ።

እንግዲህ ከታላላቆች መካከል አገር ያቀኑ አሉ፣ ወንዝ የገደቡ አሉ፤ በሆዱ ተኝቶ የድመትን እግር ያጠና፣ ተሳስቻለሁ ብሎ በኮሪደር የቆመ፣ ባንድ የሻይ ማንኪያ ጀምሮ አንድ ዘመን ሽሮ ሌላ ዘመን ያቆመ ግን ከታላቁ ሰዓት ሠሪ በቀር በመዝገቤ የለም። የሙቀጫው ጌታ፣ የወንፊቱ አርበኛ፣ ለመቸኮል ምክንያት ሳያጣ ያልቸኮለ፣ የልጁን ትንፋሽ በጆሮው የሚጠብቅ፣ ስሙ ከፎቅ ወደ ፎቅ ይሰማ። ይህን በምጽፍበት ሰዓት እንኳን በበረንዳው ላይ ተንበርክኮ መጫሪያውን በእጁ ይዞ ይታየኛል። ዘመኑ ይርዘም፤ ወገቡ ይጽና፤ ሳፋው አይጉደል።